ማተብሽን አውልቂ ወይ ወደ ቤትሽ ሂጂ ተባልኩ፤ መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?

የሌሊት ሺፍት (ሰሜን ቨርጂኒያ)፣ ማርች 7

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጾሙን የበረከት ያድርግልን። ዘንድሮ ሑዳዴና ረመዳን ስለተገናኙ ብዙዎቻችሁ ጾም ላይ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

እዚህ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

በአንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ነኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። የምሠራው የሌሊት ሺፍት ነው፤ በአሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ 11 እስከ ጠዋቱ 7። አንገቴ ላይ ማተብ አለኝ። ጥቁር ክር ነው፤ ትንሽ የእንጨት መስቀል አለበት። በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ስነሣ ታሰረልኝ። ክሩ ሲያረጅ ይቀየራል እንጂ አንገቴ ባዶውን ውሎ አያውቅም። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም።

ከገና በኋላ አዲስ የነርሶች ኃላፊ መጣች። ስለ አለባበስ አዲስ ደንብ አወጣች። ረጅም ጥፍር፣ የሚንጠለጠል ጉትቻ፣ የአንገት ሐብል ክልክል ነው ይላል። እኔ ደንቡን አነበብኩት። ማተብ ሐብል ነው ብዬ ግን አላሰብኩም። ለእኔ ጌጥ አይደለምና።

ረቡዕ ማርች 4 ሌሊት ሰዓት ፈርሜ ልገባ ስል ሱፐርቫይዘሯ ጠራችኝ። «አንገትሽ ላይ ያለውን አውልቂ» አለችኝ። አልችልም አልኳት። «እንግዲያው ሰዓት ፈርመሽ ውጪ» አለች። ማስረዳት ፈልጌ ነበር። እንግሊዝኛው ጠፋብኝ። እንባ ሲመጣ ቋንቋ አብሮ ይሄዳል። «አይ ካንት፣ አይ ካንት» ብቻ እያልኩ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ግማሽ ሰዓት አለቀስኩ። የስምንት ሰዓት ደመወዜም ቀረ።

ዓርብ ዕለት ጠርተው ደንብ ጥሰሻል የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ፈርሚ አሉኝ። ቤት ወስጄ ላንብበው አልኩ። እስከ ሰኞ አምጪ ብለውኛል።

ሌላም አለ። ለስቅለት ኤፕሪል 10 ዕረፍት ጠይቄ ነበር። «ፋሲካ እኮ ኤፕሪል 5 ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዓርብ ምን አለው?» ብለው መለሱብኝ። የእኛ ፋሲካ ኤፕሪል 12 መሆኑን ብነግራቸውም የገባቸው አልመሰለኝም።

በሀገራችን ማተቡን በጠሰ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናቴ ብትሰማ ምን እላታለሁ? ግን ሁለት ልጆች አሉኝ። የቤት ኪራይ አለ። ሥራው ያስፈልገኛል። ሕጉ ምን ይላል? ወረቀቱንስ ልፈርም?


ቆራጡ (አትላንታ)

ክሰሻቸው! ይሄ አሜሪካ ነው፤ የሃይማኖት ነፃነት ሕገ መንግሥቱ ላይ አለ። ጠበቃ ያዢ፣ ሚሊዮን ታገኛለሽ። ወረቀቱን ፊታቸው ላይ ቅደጂው።


የሁለት ልጆች እናት (ዳላስ)

የእኔ እህት፣ እንባሽ ተሰማኝ። ግን ሥራሽን አታጪ። ስትገቢ አውልቂው፣ ስትወጪ እሠሪው። እግዚአብሔር የሚያየው ልብሽን ነው። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።


የሌሊት ሺፍት

የልጆች እናት፣ አመሰግናለሁ። በክፉ እንዳላሰብሽው አውቃለሁ። እኔ ግን እንደዚያ ማድረግ አልችልም። ሌሊት ሌሊት አንድ የ91 ዓመት አሮጊት አሉኝ። ልጃቸውን አያውቋትም። የራሳቸውንም ስም ይረሱታል። ልብስ ልቀይርላቸው ጎንበስ ስል መስቀሏን ያዩና አባታችን ሆይን በእንግሊዝኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሉታል። ምንም አይሳሳቱም። አብሬያቸው በአማርኛ እላለሁ። ከዚያ ይተኛሉ። ይህን ያየሁበትን ነገር በር ላይ አውልቄ ኪሴ ውስጥ ከትቼ መግባት ይከብደኛል።


የዩኒየን ሰው (ዋሽንግተን ዲሲ)

እህቴ፣ ጠበቃ አይደለሁም። ሆቴል ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ስምንቱን የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ተወካይ ነበርኩ። ከሠራተኛ ጋር ኤችአር (የሠራተኛ አስተዳደር) ቢሮ መግባት የለመድኩት ነገር ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ወረቀቱን። አትቅደጂው። ሳትፈርሚም አትመልሺው። ስትፈርሚ ከስምሽ በላይ በእጅሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ወረቀቱ ደርሶኛል፤ በይዘቱ ግን አልስማማም። የለበስኩት የእምነቴ ምልክት ነው።» ቀኑን ጻፊበት። ከመመለስሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

አትላንታ ያለው ወንድሜ ሕገ መንግሥቱ ብሏል። ሕገ መንግሥቱ መንግሥትን ነው የሚያስረው። የግል አሠሪን የሚይዘው በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ ታይትል ሰቨን የሚባለው ክፍሉ። 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ በሃይማኖት ምክንያት ማባረርም ማግለልም አይችልም። በ1972 ደግሞ ኮንግረስ አንድ ነገር ጨመረበት። አሠሪው የሠራተኛውን የእምነት ሥርዓት የሚያመቻችበት መንገድ መፈለግ አለበት፤ ከባድ ጫና ካልሆነበት በስተቀር። ይህ ማመቻቸት በእንግሊዝኛው አኮሞዴሽን ይባላል። ቃሉን ያዢው። ኤችአር ቢሮ ውስጥ ያንን ቃል ከአፍሽ ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ቀና ይላሉ።

ሚሊዮን የተባለውንም እርሺው። በዚህ ሕግ ለደረሰ ጉዳትና ለቅጣት የሚከፈለው ካሣ ጣሪያ አለው። ከ15 እስከ 100 ሠራተኛ ያለው አሠሪ ከ50,000 ዶላር አያልፍም። ከ500 በላይ ሠራተኛ ያለውም ቢሆን 300,000 ነው። የቀረ ደመወዝ ለብቻው ይታሰባል። ይህን የምነግርሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። የአንቺ ፍላጎት ከማተብሽ ጋር ሥራሽ ላይ መቆየት ነው፤ ለዚያ የሚሆነው መንገድ ሌላ ነው ለማለት ነው።

አሁን ከባድ ጫና ማለት ምን ያህል ነው? ጠቡ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቲደብልዩኤ አየር መንገድ ሠራተኛ የነበረውን የሃርዲሰንን ጉዳይ አየ። ሰውየው ቅዳሜን የሚያከብር ነበር። ተሸነፈ። ከፍርዱ ውስጥ አንዲት ሐረግ ወጣች። አሠሪው ላይ ከጥቂት የበለጠ ወጪ ካመጣ አይገደድም የምትል ሐረግ ናት። በዚያች ሐረግ 46 ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ተመለሰ።

ጁን 29 ቀን 2023 ግን መለኪያው ተቀየረ። ጀራልድ ግሮፍ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ፖስታ አዳይ ነበር። እሑድ አልሠራም ይላል። ፖስታ ቤቱ የአማዞንን ዕቃ እሑድ ማደል ሲጀምር ሰውየው ተቸገረ። ቅጣት ሲደራረብበት በ2019 ለቀቀ። ከሰሰና ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ። አሠሪ እምቢ የሚለው ጫናው ከጠቅላላ ሥራው አንጻር ሲታይ ከፍ ያለ መሆኑን ካሳየ ብቻ ነው አሉ። ባልደረቦቹ ያንን ሃይማኖት ስላልወደዱት ጫና ሆነብኝ ማለትም አይቻልም አሉ። ግሮፍን ግን አሸንፈሃል ብለው አልሸኙትም። በአዲሱ መለኪያ እንዲታይ መዝገቡን ወደ ታች መለሱት።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው አንቺ ከተናገርሽ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ። በ2005 የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ነበር። ገና ዓርብ ጃንዋሪ 7 ዋለ። ማናጀሩን ያን ቀን ፈቃድ ስጠኝ አልኩት። ለምን ሲለኝ «የግል ጉዳይ ነው» አልኩ። ስለ እምነቴ ለፈረንጅ ማብራራት አሳፈረኝ። ፈቃድ የለም አለኝ። እኔም ዝም ብዬ ቀረሁና ቅዳሴ ሄድኩ። ሰኞ ስመለስ ካርዴን ተቀበለኝ። ሃይማኖት የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ከአፌ አልወጣም ነበር። በኋላ ያማከርኩት ሰው «ማናጀሩ ምን አውቆ ነው የምትከሰው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይሉኝታ የበላው ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን አበሻ ሁሉ የምለምነው ይህንኑ ነው። ጠይቁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ምክንያቱ እምነቴ ነው በሉ።

አንቺም ያን ሌሊት አልችልም ብቻ ነው ያልሻት። ለምን እንደማትችይ እስካሁን በወረቀት አታውቅም።


የለንደን ነርስ

ሰላም እህቴ። እኔ እዚህ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። የአሜሪካን ሕግ አላውቅም። ግን ያንቺን የሚመስል ጉዳይ እዚህ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ ስለነበር ልንገርሽ። ሁለት ሴቶች ናቸው።

አንደኛዋ ናዲያ ኤዌይዳ ትባላለች። ግብፅ የተወለደች ኮፕት ናት። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኛ ነበረች። በ2006 የአንገት መስቀሏን ደብቂ ተባለች፤ እምቢ ስትል ያለ ደመወዝ ቤቷ ላኳት። ሂጃብና የሲኮች ጥምጥም ግን ተፈቅዶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አየር መንገዱ ራሱ ደንቡን ቀየረ። የቀረው ደመወዟ ግን አልተከፈላትም። ጉዳዩ ስትራስቡርግ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰ። ጃንዋሪ 2013 ረታች።

ሁለተኛዋ ሸርሊ ቻፕሊን ነርስ ናት፤ ኤክሰተር ከተማ። መስቀሏን ከ1971 ጀምሮ አንገቷ ላይ አድርጋ ኖራለች። ሆስፒታሉ በ2007 የነርሶችን የደንብ ልብስ ቀየረ። አዲሱ ልብስ አንገቱ ክፍት ሆነና መስቀሉ ታየ። ግራ የተጋባ በሽተኛ ይጎትተዋል፣ ቁስል ይነካል አሏት። እንደ ብሮሽ ደረትሽ ላይ ሰክተሽ አድርጊው አሏት። ከአንገቱ ከፍ የሚል ቲሸርት ከውስጥ ልበሺና ከሥሩ ይሁን አሏት። አይሆንም አለች። ያው ፍርድ ቤት፣ በዚያው ቀን፣ በእሷ ላይ ፈረደ። የበሽተኛ ደኅንነት ከበድ ያለ ምክንያት ነው፤ የሆስፒታሉ ኃላፊዎችም ይህን ከዳኛ በተሻለ ያውቃሉ አለ።

እኔ በልጅነቴ ማተብ አስሬያለሁ፤ አሁንም አለኝ። ስለዚህ የሸርሊ ነገር ያሳዝነኛል። ግን ነርስም ነኝ። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው እጁ ምን ያህል እንደሚጠነክር አንቺም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪን። ማተብሽን ጎትቶብሽ የሚያውቅ በሽተኛ አለ?


የኮምቦልቻ ልጅ (ሲያትል)

አብሽሪ እህቴ! ያንቺ ክር የኔ ሻርፕ ነው፤ በደንብ ገብቶኛል።

የምግብ ማሸጊያ ውስጥ እሠራለሁ። ስቀጠር ሂጃቤን ማሽኑ ይይዘዋል፣ ስፒሉ ምግብ ውስጥ ይወድቃል አሉኝ። መጀመሪያ በጣም ተናደድኩ። ሃይማኖቴን የጠሉት መሰለኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ስለ ስፒሉ ልክ ናቸው። እኔም ያን ምግብ እበላለሁ። ስለዚህ ስፖርተኞች የሚያደርጉትን፣ ስፒል የሌለውን፣ በራስ ላይ የሚጠለቀውን ሂጃብ ገዛሁ። ጫፉን የሥራ ልብሱ ውስጥ ከተትኩት። ለብሼው ሄድኩና «አሁን ምን ቀረ?» አልኳቸው። ምንም የሚሉት አልነበራቸውም። አራት ዓመት ሆነኝ።

ሶላትም እንደዚሁ። ቀኑን ሙሉ ፈቃድ ስጡኝ አላልኩም። ያሉኝን ሁለት አጫጭር ዕረፍቶች ከዙህርና ከአስር ሶላቶች ሰዓት ጋር አጣጥሙልኝ አልኩ። ክረምትና በጋ ሰዓቱ ስለሚቀያየር በየሁለት ወሩ ወረቀት አስገባለሁ። ረመዳን ሲመጣ የምሳ ዕረፍቴን ወደ ኢፍጣር ሰዓት ያዞሩልኛል። ሁሉም ማናጀር አንድ አይደለም ደግሞ። አንዱ ደቂቃ ይቆጥርብኝ ነበር። ዉዱእ (የሶላት ትጥበት) ሳደርግ እግሬን መታጠቢያው ላይ አየሽ ብሎ ከሶኛል። አልሐምዱ ሊላህ፣ ወረቀቱ ስለነበረኝ አላለፈለትም።

ይህንንም ልጨምርልሽ። ኦክላሆማ ውስጥ ሳማንታ ኢላውፍ የምትባል ልጅ ነበረች። በ2008 ገና 17 ዓመቷ ነው። አበርክሮምቢ የሚባለው የልብስ ሱቅ ለሥራ ስትፈተን ሻርፕ አድርጋ ነበር። በሻርፑ ምክንያት አልቀጠሯትም። ኋላም ሲከሰሱ፣ ለሃይማኖት መሆኑን አልነገረችንም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ስምንት ለአንድ ፈረደላት። የሰው ሃይማኖት ላለመቅጠር ምክንያት ከሆነ፣ በእርግጠኝነት አላውቅም ነበር ማለት አያድንም አሉ። የዩኒየኑ ወንድማችን ንገሪ ያለው ግን ትክክል ነው። ልጅቷ ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል። አንድ ወረቀት ሰባት ዓመት ያሳጥራል።


የሌሊት ሺፍት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለኮምቦልቻዋ እህቴም ጾምሽን አላህ ይቀበልሽ።

ለንደን ላለሽው እህቴ እውነቱን ልመልስ። አዎ፣ አንድ ጊዜ ሆኗል። ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስናዛውራቸው ደነገጡና ክሩን ያዙት። ትልቅ ሰው ናቸው፤ የድሮ ወታደር። አንገቴ ወደ ታች ሄደ። አብራኝ የነበረችው ልጅ ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈታችልኝ። ቀይ መስመር ሁለት ቀን አንገቴ ላይ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር አውልቂ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ይህን ስጽፍ ነው ነገሩ የታየኝ። እሳቸውን ብጥላቸውስ ኖሮ? ዳሌያቸው ቢሰበርስ? ስለ እኔ ብቻ ነበር የማስበው። ኃላፊዋ ሃይማኖቴን ጠልታ አይደለም ይሆናል። የወጣሁበት መንገድ ግን አሁንም ያመኛል። ሱፐርቫይዘሯ ምንድን ነው ብላ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም።

ጋሼ የዩኒየን ሰው፣ ደብዳቤው ላይ ምን ልበል? ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ በእንግሊዝኛ ይጽፍልኛል።


የዩኒየን ሰው (ዋሽንግተን ዲሲ)

ጎበዝ እህቴ። እውነቱን ማውጣትሽ ጉልበት ነው የሚሰጥሽ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥ። ስድብ አይግባበት፤ ስለ ኃላፊዋ ጠባይም አታንሺ። እንዲህ ይበል፦

«የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ነኝ። አንገቴ ላይ ያለው ክር ማተብ ይባላል። ከጥምቀቴ ጀምሮ የታሰረ የእምነቴ ምልክት እንጂ ጌጥ አይደለም። ማርች 4 አውልቂ ስባል ያልቻልኩት በዚህ ምክንያት ነው። የሃይማኖት አኮሞዴሽን እጠይቃለሁ። የነዋሪዎች ደኅንነት እኔንም ያሳስበኛል። ስለዚህ ክሩን አሳጥሬ ከስክራቡ (ከሥራ ልብሴ) ሥር አንገቱ ዝግ የሆነ ቲሸርት እለብሳለሁ፤ ከውጭ አይታይም፣ በእጅም አይያዝም። ይህ የማይበቃ ከሆነ ሌላ መንገድ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ። ካልተፈቀደም ምክንያቱን በጽሑፍ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።»

በኢሜይልም ላኪው፣ በእጅሽም ለኤችአር ስጪ። ቅጂው ቤትሽ ይቅር። የነፍስ አባት ደብዳቤ ሕጉ የግድ አይልም። ካለሽ ግን አይጎዳም።

የስቅለቱን በሌላ ወረቀት አድርጊው። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረግሽ አንዱን ሰጥተው ሌላውን ይረሱታል። ቀኑን ብቻ አትጻፊ፤ የቤተ ክርስቲያናችን የቀን አቆጣጠር የተለየ መሆኑን በሁለት መስመር አስረጂ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። አሠሪው ሌላ ሠራተኛ በአገልግሎት ዘመኑ ብዛት ያገኘውን ተራ ነጥቆ እንዲሰጥሽ ሕጉ አያስገድደውም። የሃርዲሰን ፍርድ ይህ ክፍሉ አልተነካም። በፈቃዱ የሚቀያየርሽ ሰው ፈልገሽ ብትሄጂ ግን እምቢ ለማለት ይቸገራሉ።

ሁሉም ካልሆነ በሥራ ላይ የሚደርስ አድልዎን የሚመለከት፣ ኢኢኦሲ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አለ። ለአቤቱታ ገንዘብ አይከፈልም፤ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ጊዜው 180 ቀን ነው። የክፍለ ግዛቱም ሕግ በሚከለክልበት ቦታ 300 ይደርሳል። አንቺ ግን 180 ብለሽ ቁጠሪ። አቤት ስላልሽ ቢበቀሉሽ ደግሞ በቀሉ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው።


ቆራጡ (አትላንታ)

ቅደጂው ያልኩትን አንስቻለሁ። ተናድጄ ነው። ጋሼ ያሉሽን አድርጊ።


የሌሊት ሺፍት፣ ማርች 24

ወገኖቼ፣ ዝም ያልኩት የሚነገር ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ወረቀቱን ጋሼ እንዳሉኝ ጽፌበት ፈረምኩ። ደብዳቤውን ልጄ ጻፈልኝ። ሲጽፍ «እማዬ፣ ማተብ ለምንድን ነው የሚታሰረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእሱም በደንብ ነግሬው አላውቅም ነበር። ያን ማታ እስከ እኩለ ሌሊት አወራን።

ነፍስ አባቴንም ጠየቅኳቸው። ሰው ሲጎትተው ወዲያው የሚበጠስ ቀጭን ክር ቢሆን ችግር አለው ወይ አልኳቸው። «ቢበጠስ መጥተሽ ሌላ አስርልሻለሁ» አሉኝ። ስለዚህ ክሩን ቀየርኩት። ወፍራም ነበር፤ አሁን ቀጭን ነው። መስቀሏ እዚያው አለች።

ማርች 17 ኤችአር ጠራኝ። ኃላፊዋም ነበረች። አኮሞዴሽን የሚለውን ቃል ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ተናገርኩት። ቲሸርቱን ለብሼ ነበር የሄድኩት። ክሩን ጎትታችሁ እዩት አልኳቸው። ኃላፊዋ አልጎተተችም። «ይህ ክር ሃይማኖት መሆኑን አላውቅም ነበር» አለች። የሽማግሌውን ነገር እኔው ራሴ ነገርኳቸው። ዝም ብላ አዳመጠችኝ። በሦስተኛው ቀን ተፈቅዷል የሚል ኢሜይል መጣ። ከስክራቡ ሥር እስከሆነና እስካልታየ ድረስ ይላል።

የ91 ዓመቷ እመቤት አሁን መስቀሏን አያዩዋትም። ሁለት ሌሊት አባታችን ሆይን አላሉም። ሦስተኛው ሌሊት እኔ በአማርኛ ጀመርኩት። በእንግሊዝኛ ተከተሉኝ።

ስቅለትን በተመለከተ አንዲት የፊሊፒንስ ካቶሊክ ባልደረባ አለችኝ። የእሷ ስቅለት ኤፕሪል 3 ነው። ያን ሌሊት እኔ እገባላታለሁ፤ ኤፕሪል 10 እሷ ትገባልኛለች። ሁለታችንም ፈርመን ስኬጁል ለምትሠራዋ ሰጠናት። ተቀብላለች። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ የሁለታችን ፋሲካ ለየብቻ መሆኑን አንዳችንም አናውቅም ነበር።

የቀረው ስለ ማርች 4 የጻፉብኝ ወረቀት ነው። ከፋይሌ ይውጣልኝ፣ የስምንት ሰዓቱም ይከፈለኝ ብዬ ሁለተኛ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። እስካሁን መልስ የለም። 180 ቀኑን ከልጄ ጋር ቆጠርነው፤ ኦገስት 31 ላይ ይወድቃል። ፍሪጁ ላይ ያለው ካላንደር ላይ በቀይ ከብቤዋለሁ።